ቡናማው አልጌና የምንጨምረው ውሃ

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ከደሴና ከኮምቦልቻ ከደረሱን ደብዳቤዎች መካከል ሦስቱ ስለ አንድ ጉዳይ፣ ማለትም በትንንሽ የጨው ውሃ አኳሪየሞች ውስጥ ድንጋዩን፣ አሸዋውንና ኮራሉን ስለሚሸፍነው ቡናማ አልጌ የሚጠይቁ በመሆናቸው በዚህ እትም አንድ ላይ አቅርበናቸዋል። የመጀመሪያው ጥያቄ ሰፋ ያለ ማብራሪያ ስለሚሻ አብዛኛውን ቦታ ለእርሱ ሰጥተናል።

ጥያቄ፦ ውድ አዘጋጅ፣ ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው ደሴ፣ ቧንቧ ውሃ አካባቢ ነው። ከሦስት ወር በፊት ርዝመቱ 60፣ ወርዱና ከፍታው 35 ሴንቲ ሜትር የሆነ የጨው ውሃ አኳሪየም ሳሎኔ ውስጥ አቋቁሜአለሁ። በውስጡ ሁለት ክላውንፊሽ፣ ጥቂት ዞአንቲድና ማሽሩም ኮራሎች አሉ። ከሦስተኛው ሳምንት ጀምሮ አሸዋውንም፣ ድንጋዩንም፣ መስታወቱንም ቡናማ አቧራ ሸፈነው። ስጠርገው በቀላሉ ይለቃል፤ ነገር ግን ሁለት ቀን ሳይሞላው ይመለሳል። አኳሪየሙን የሸጠልኝ የአዲስ አበባ ነጋዴ በአንድ ወር ውስጥ በራሱ ይጠፋል ቢለኝም ይኸው እስከ ዛሬ አለ። አልጌን ከሚቀልቡት ነገሮች መካከል ናይትሬቱ በሊትር 5 ሚሊግራም፣ ፎስፌቱ ደግሞ 0.05 ሚሊግራም ነው። መብራቱ በቀን 10 ሰዓት ይበራል። በትነት የሚጎድለውን ውሃ የምተካው የቧንቧ ውሃ አፍልቼና አቀዝቅዤ ነው። መብራቱን ልቀንስ? መድኃኒት ልጨምርበት? ወንድሜ በበኩሉ አልጌ የሚበሉ ቀንድ አውጣዎች ከሐይቅ ላምጣልህ ይለኛል። ምን ይመክሩኛል?

መልስ፦ ጤና ይስጥልኝ። ደብዳቤዎ የተሟላ በመሆኑ ምክንያቱን ለመለየት ብዙም አላስቸገረንም። ከዘረዘሯቸው ነገሮች ሁሉ ጣታችንን የምናሳርፈው እርስዎ እንደ ተራ ነገር ጠቅሰው ባለፉት ላይ፣ ማለትም በየቀኑ አፍልተው በሚጨምሩት የቧንቧ ውሃ ላይ ነው።

እንደ ገለጻዎ ከሆነ በአሸዋው ላይ የሚያዩት ቡናማ ሽፋን ዲያቶም የተባለው ባለ አንድ ሕዋስ አልጌ ነው። ዲያቶም ከሌሎች አልጌዎች የሚለየው ሰውነቱን የሚከልልበትን ቅርፊት ከሲሊካ፣ ማለትም መስታወት ከሚሠራበት ከዚያው ማዕድን የሚገነባ በመሆኑ ነው። በውስጡ አረንጓዴው ክሎሮፊል ቢኖርም ፉኮዛንቲን የተባለው ሌላ ቀለም ስለሚጫነው ለዓይን ቡናማ ሆኖ ይታያል። በባሕር ውስጥ የብዙ ፍጥረታት ቀለብ ነው፤ በስምጥ ሸለቆ ሐይቆቻችን አካባቢ የሚገኘው ነጭና ቀላል ዲያቶማይትም በጥንት ዘመን የሞቱ ዲያቶሞች ቅርፊት ተከማችቶ የፈጠረው ነው። ስለዚህ በራሱ መርዝም በሽታም አይደለም፤ የሚያስቸግረው ሲበዛ ኮራሉን አልብሶ ብርሃን ሲከለክለው ነው።

ነጋዴው የነገረዎት ለብዙ ሰው እውነት ሆኖ ይገኛል። አዲስ አኳሪየም ውስጥ ድንጋዩና አሸዋው ባዶ ስለሆኑ ቀድሞ የሚሰፍርባቸው ዲያቶም ነው፤ ብዙ ጊዜም ከሁለተኛው እስከ ስድስተኛው ሳምንት ባለው ጊዜ ውስጥ ይታይና፣ በውሃው ውስጥ የነበረውን ሲሊካ ሲጨርስ ቦታውን ለአረንጓዴ አልጌና ድንጋዩን ሐምራዊ ለሚያለብሰው ለኮራላይን አልጌ ይለቅቃል። የእርስዎ ግን ሦስት ወር ዘልቋል። ዲያቶም ሲሊካ ካለቀበት መራባት አይችልም፤ እየተራባ ከሆነ ከአንድ ቦታ እየተቀለበ ነው ማለት ነው።

ደሴና አካባቢዋ ያረፉት ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት በፈሰሰ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ፣ በአብዛኛውም በባዛልት ላይ ነው። በእንዲህ ያለ ድንጋይ ውስጥ ሰርጎ የሚወጣ የምንጭም ሆነ የጉድጓድ ውሃ ሲሊካ እያሟሟ ይመጣል። ለሚጠጣው ሰው ምንም ጉዳት የለውም፤ ሻይም ቡናም ሲፈላበት ልዩነቱ አይታወቅም። በአኳሪየም ውስጥ ግን ነገሩ ሌላ ነው፤ ምክንያቱም የሚተነው ውሃው ብቻ ሲሆን ሲሊካው እዚያው ይቀራል። እስቲ እናስላው። የአኳሪየምዎ ጠቅላላ ይዞታ ወደ 73 ሊትር ሲሆን ድንጋዩ፣ አሸዋውና ከአፉ በታች የሚተወው ክፍት ቦታ ሲቀነስ 60 ሊትር ያህል ውሃ ይኖረዋል። በቀን 1 ሊትር ይተናል፣ የሚተካውም ውሃ በሊትር 30 ሚሊግራም ሲሊካ ይዟል ብለን ለምሳሌ ብንነሳ፣ በአንድ ወር ውስጥ 900 ሚሊግራም ሲሊካ ገብቶ መውጫ ያጣል። ይህ በ60 ሊትር ሲካፈል በሊትር 15 ሚሊግራም ይሆናል። ኮራል የሚኖርበት የሐሩር ባሕር የላይኛው ውሃ ደግሞ ብዙውን ጊዜ በሊትር 1 ሚሊግራም እንኳን አይሞላውም።

ውሃውን ማፍላትዎ ክሎሪኑን ያስወጣል፣ ተሐዋስያንንም ይገድላል፤ ሲሊካን ግን አይነካውም። እንዲያውም ከድስቱ ላይ እንፋሎት በወጣ ቁጥር የቀረው ውሃ በጥቂቱም ቢሆን ሲሊካው ይጨምራል። ስለዚህ ድካምዎና ያባከኑት ኤሌክትሪክ ለዚህ ጉዳይ የሚፈይዱት ነገር የለም።

የሲሊኬት መመርመሪያ ኪት ማግኘት ከቻሉ አንድ ነገር ልብ ይበሉ። ብዙ ሰው የአኳሪየሙን ውሃ ብቻ ይመረምርና ዜሮ ሲያነብ ሲሊካ የለም ብሎ ይደመድማል። ዲያቶሙ በገባ ቁጥር እየመጠጠ ወደ ቅርፊት ስለሚለውጠው፣ ውሃው ዜሮ ቢያሳይም አሸዋው ቡናማ ሊሆን ይችላል። መመርመር ያለብዎት ከመጨመርዎ በፊት በባልዲው ውስጥ ያለውን ውሃ ነው።

መፍትሔው በተለምዶ አርኦ በሚባለው ሜምብሬን፣ ማለትም በቀጭን የማጣሪያ ንጣፍ ተጣርቶ፣ ከዚያም በሬዚን፣ ማለትም የሟሙ ማዕድናትን በሚይዙ ጥቃቅን እንክብሎች ውስጥ ያለፈ ውሃ መጠቀም ነው። ሜምብሬኑ አብዛኛውን ሲሊካ ያስቀራል፤ ያመለጠውን ሬዚኑ ይይዘዋል። በደሴ ሁኔታ ግን ሁለት ችግሮች አሉ። የመጀመሪያው ግፊት ነው። ሜምብሬኑ በደንብ እንዲሠራ ከ3 እስከ 4 ባር የሚደርስ ግፊት ይፈልጋል፤ በፈረቃ የሚመጣ የቧንቧ ውሃ ይህን ያህል ጉልበት ላይኖረው ይችላል፤ ከሮቶ የሚወርድ ውሃ ደግሞ በየአንድ ሜትር ከፍታ የሚያገኘው 0.1 ባር ብቻ በመሆኑ፣ ከቤትዎ ጣሪያ ላይ የተቀመጠ ሮቶ ከግማሽ ባር አይዘልም። ግፊቱ ካነሰ ማጣሪያው ብዙ ውሃ ይደፋል፣ የሚያወጣው ውሃም ጥራቱ ይጓደላል። ስለዚህ ማጣሪያውን ሲገዙ ግፊት መጨመሪያ ፓምፕ አብሮ ያለውን ይምረጡ። አንድ ሊትር ንጹሕ ውሃ ለማግኘት ብዙውን ጊዜ ሦስት ወይም አራት ሊትር ወደ ውጭ እንደሚፈስም አስቀድመው ይወቁ፤ ይህ ውሃ ንጹሕ ስለሆነ በጀሪካን ተጠራቅሞ ለልብስ ማጠቢያና ለቤት ማጽጃ ይውላል እንጂ አይደፋም።

ሁለተኛው ችግር ብዙዎችን የሚያታልል ነው። የውሃን ንጽሕና ለመለካት በእጅ የሚያዘው ቲዲኤስ ሜትር የሚያነበው በውሃው ውስጥ ኤሌክትሪክ የሚያስተላልፉ ነገሮችን ነው፤ በተራ ውሃ ውስጥ የሟሟ ሲሊካ ደግሞ አብዛኛው ኤሌክትሪክ አያስተላልፍም። ሬዚኑ እያለቀ ሲሄድም ቀድሞ የሚለቀው አጥብቆ ያልያዘውን ሲሊካን ነው። ስለዚህ ሜትሩ ገና ዜሮ እያሳየ ሲሊካ ማምለጥ ሊጀምር ይችላል። ሬዚንዎ ቀለሙን የሚለውጥ ዓይነት ከሆነ ሙሉ በሙሉ እስኪለወጥ አይጠብቁ፤ ከሁለት ሦስተኛ በላይ እንደተለወጠ ይተኩት።

ማጣሪያ እስኪገዙ ድረስ ምን ልጠቀም ቢሉ፣ የታሸገ የመጠጥ ውሃ አንመክርም፤ ብዙው የምንጭ ወይም የጉድጓድ ውሃ በመሆኑ ሲሊካው ከቧንቧው ላያንስ ይችላል። ጋራዦች የሚጠቀሙበት ለባትሪ መሙያ የሚሸጥ የተጣራ ውሃ፣ አሲድ ያልተቀላቀለበትና በታሸገ ፕላስቲክ የመጣ ከሆነ ለጊዜው ሊያገለግል ይችላል፤ ሆኖም ጠርሙሱን ከከፈቱ በኋላ በቲዲኤስ ሜትር ሳይለኩ ጠብታም አያስገቡ። የክረምት ዝናብ ውሃ ሲሊካው እዚህ ግባ የሚባል ስላልሆነ ብዙ ሰው ይመኘዋል፤ ነገር ግን ከቆርቆሮ ጣሪያ ላይ የወረደ ውሃ ዚንክ ይዞ ይመጣል፣ ዚንክ ደግሞ በትንሽ መጠንም ቢሆን ለቀንድ አውጣ፣ ለሽሪምፕና ለኮራል መርዝ ነው። ዝናቡን መጠቀም ካለብዎት ጥቂት ጊዜ ዘንቦ አየሩ ከጠራ በኋላ በንጹሕ ላስቲክ በቀጥታ ከሰማይ ይቀበሉት፤ ከዚያም በከሰል ማጣሪያና በሬዚን ያሳልፉት።

አሁን ያለውን ሽፋን ማስወገድ ደግሞ የእጅ ሥራ ነው። ዲያቶም ሲሊካውን ከውሃው ውስጥ ሰብስቦ በአንድ ቦታ ስላስቀመጠልዎ፣ ከአኳሪየሙ ባወጡት ቁጥር ሲሊካውንም አብረው ያወጣሉ። ብዙ ሰው መስታወቱን ይፈትግና ብናኙን እዚያው ይተወዋል፤ ያ ብናኝ ግማሹ በሕይወት ስላለ ፓምፑ አዙሮ አሸዋው ላይ መልሶ ይዘራዋል። እንዲህ ያድርጉ፦ የዓሣ አየር ፓምፕ ላይ የሚገጠመውን ዓይነት ቀጭን ቱቦ ይውሰዱና ጫፉን ከአሸዋው ገጽ አንድ ጣት ያህል ከፍ አድርገው ይያዙት። ውሃው ወደ ባልዲው መውረድ ሲጀምር ቡናማው ሽፋን እንደ ወተት ስልባቦት ተጨማድዶ ይነሳና ወደ ቱቦው ይገባል፤ ከሥሩ ያለው ነጭ አሸዋ ግን ከባድ ስለሆነ ባለበት ይቀራል። ቱቦውን ዝቅ ካደረጉት አሸዋውም ይሄዳል፤ ከፍ ካደረጉት ሽፋኑ ይበተናል። ድንጋዩ ላይ ያለውን በለስላሳ የጥርስ ብሩሽ እያንቀሳቀሱ በሌላ እጅዎ ቱቦውን አጠገቡ ይያዙለት። በሳምንት 6 ሊትር፣ ማለትም አንድ አሥረኛውን ውሃ በዚህ መንገድ አውጥተው በንጹሕ ውሃ በተበጠበጠ ጨው መተካት ይበቃል።

በዚህ አጋጣሚ አንድ አደገኛ ነገር እናስጠንቅቅዎ። አልጌውን ለመግደል ብለው ዞአንቲድ ያለበትን ድንጋይ በፍጹም አያፍሉ፣ የፈላ ውሃም አያፍስሱበት። አንዳንድ የዞአንቲድ ዝርያዎች ፓሊቶክሲን የተባለ ኃይለኛ መርዝ ስላላቸው እንፋሎቱ ቤተሰቡን በሙሉ ለሆስፒታል ሊዳርግ ይችላል። እነርሱ ያሉበትን ድንጋይ ሲያጸዱ ጓንት ያድርጉ፣ ቱቦውንም እንደ ቤንዚን በአፍዎ አይሳቡ፤ ቱቦውን በውሃ ሞልተው ጫፉን በጣት ይዘው ማስጀመር ይቻላል።

መብራቱን ወደ 8 ሰዓት ቢያወርዱት መልካም ነው፤ ከዚያ በታች ግን አይሂዱ። ዲያቶም በደብዛዛ ብርሃንም የሚኖር ስለሆነ መብራት በመቀነስ ብቻ የሚጎዱት ኮራሎቹን ይሆናል። መድኃኒትን በተመለከተ መልሳችን አጭር ነው፤ አይጨምሩ። ከፋርማሲ የሚገዛ አንቲባዮቲክ የሚያጠቃው ባክቴሪያን እንጂ ዲያቶምን አይደለም፤ በድንጋዩ ውስጥ ያሉትን አሞኒያ የሚያስወግዱ ባክቴሪያዎች ከጎዳ ደግሞ በቡናማ አሸዋ ፈንታ የሞቱ ዓሦች ይታቀፋሉ።

የወንድምዎ ሐሳብ ከቅን ልብ የመነጨ ቢሆንም አይቀበሉት። የሐይቅ ውሃ ጨዋማ ስላልሆነ ከዚያ የመጣ ቀንድ አውጣ 35 ግራም በሊትር ጨው ባለው ውሃ ውስጥ ውሎ አያድርም፤ ሲሞትም በስብሶ አሞኒያ ይለቃል። ከዚህም በላይ በአገራችን ሐይቆችና ወንዞች ውስጥ ከሚገኙት ቀንድ አውጣዎች አንዳንዶቹ የቢልሃርዚያ አስተላላፊዎች ስለሆኑ እነርሱን ለመልቀም ባዶ እጅና እግርን ውሃ ውስጥ መንከር ራሱ አደጋ አለው። የሚያስፈልግዎ እንደ ትሮከስና ሴሪት ያሉ የባሕር ቀንድ አውጣዎች ናቸው፤ ለ60 ሊትር ሦስት ወይም አራት ይበቃሉ። ከዚያ በላይ ቢያስገቡ ዲያቶሙ ሲያልቅ የሚበሉት ያጣሉ።

የደሴን ከፍታም መዘንጋት የለብንም። ከባሕር ወለል በላይ ወደ 2,500 ሜትር ገደማ ላይ የአየር ግፊቱ በባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው፤ ስለዚህ ውሃው ሊይዘው የሚችለው ኦክሲጅንም በዚያው መጠን ይቀንሳል። 25 ዲግሪ ሴንቲግሬድ የሞቀ የባሕር ውሃ በባሕር ዳርቻ በሊትር 6.7 ሚሊግራም ያህል ኦክሲጅን ሲይዝ በደሴ የሚይዘው ወደ 5 ሚሊግራም ነው። ቡናማው ሽፋን ቀን በብርሃን ኦክሲጅን ቢያወጣም ሌሊት እርሱም ይተነፍሳል፤ ብዛቱ ከፍ ባለ መጠን ዓሣዎቹ ንጋት ላይ ይቸገራሉ። ፓምፑን ወደ ላይ አዘንብለው የውሃው ገጽ ሁልጊዜ እንዲሞገድ ያድርጉ፤ መብራት ሲጠፋ የሚሠራ በባትሪ የሚንቀሳቀስ የአየር ፓምፕም ቤት ውስጥ ይኑር። ሌሊት መብራት ከጠፋና ቅዝቃዜው ከበረታ አኳሪየሙን በጎንና በጎኑ በጋቢ መሸፈን ሙቀቱን ያቆያል፤ አፉን ግን ለአየር ክፍት ይተዉት። ሳሎኑ ውስጥ ከሰል ተቀጣጥሎ ቡና የሚፈላ ከሆነም መስኮት ይከፈት፤ በታፈነ ክፍል ውስጥ የሚጠራቀመው ካርቦን ዳይኦክሳይድ የውሃውን ፒኤች ያወርደዋል፣ ማለትም ወደ አሲድነት ያዘነብለዋል።

ውሃውን ከቀየሩ በኋላ ለውጡን በማግሥቱ አይጠብቁ። ሦስት ወር ሙሉ የተጠራቀመ ሲሊካ በአንድ አሥረኛ የውሃ ለውጥ የሚወጣው ጥቂት በጥቂት ነው። በመጀመሪያ የሚያስተውሉት ሽፋኑ ሲመለስ የሚወስድበት ጊዜ መርዘሙን ነው፤ በሁለት ቀን ይመለስ የነበረው አራት፣ ከዚያም ስድስት ቀን ይፈጅበታል። ከአንድ ወር በኋላም ፍጥነቱ ካልቀነሰ የሬዚኑን ውሃ በሲሊኬት ኪት ይመርምሩት። ሂደቱን ለማፋጠን ፎስፌትና ሲሊኬት አብሮ የሚመጥጠውን የብረት ኦክሳይድ ጥራጥሬ መጠቀም ይቻላል፤ የእርስዎ ፎስፌት ግን አሁን በጥሩ ደረጃ ላይ ስለሆነና ከዚህ ማነስ ስለሌለበት ባይነኩት እንመርጣለን። ምክንያቱን ከሚቀጥለው ደብዳቤ ይረዱታል።

ጥያቄ፦ ከኮምቦልቻ ነው የምጽፍልዎ። 80 ሊትር የሚይዝ የኮራል አኳሪየም አለኝ፤ አንድ ዓመት አልፎታል። በአርኦና በሬዚን የተጣራ ውሃ ብቻ ነው የምጠቀመው። አልጌ እንዳያስቸግረኝ ብዬ የብረት ኦክሳይድ ጥራጥሬ ጨመርኩ፣ ዓሣዎቹንም በሁለት ቀን አንዴ ብቻ መመገብ ጀመርኩ። ናይትሬትም ፎስፌትም ዜሮ ሆኑ። ደስ ብሎኝ ሳልጨርስ ቡናማ፣ የሚያዳልጥ፣ እንደ ክር የሚንጠለጠልና ከሰዓት በኋላ የአየር አረፋ የሚቋጥር ነገር ድንጋዩን ወረረው። ጠዋት ሳየው ሳስቶ ይገኛል፣ ማታ ይበረታል። ሁለት ቀንድ አውጣዎቼም ሞተዋል። ይህም ዲያቶም ነው?

መልስ፦ ዲያቶም አይመስለንም። የሚያዳልጠው ክር፣ ጫፉ ላይ የሚቋጠረው አረፋ፣ የቀንድ አውጣዎቹ ሞት፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ ናይትሬትና ፎስፌት ዜሮ ከሆኑ በኋላ መምጣቱ ዳይኖፍላጀሌት የተባሉትን ባለ አንድ ሕዋስ ፍጥረታት እንድንጠረጥር ያደርገናል። ቀለማቸው ከዲያቶም ጋር ስለሚመሳሰል ብዙ ሰው ይሳሳታል፤ ሕክምናቸው ግን ተቃራኒ ነው ማለት ይቻላል፤ ስለዚህ መለየቱ ግድ ነው።

ለመለየት ከክሩ ጥቂት ወስደው ከአኳሪየሙ ውሃ ጋር በብርጭቆ ውስጥ ይጨምሩና እስኪበታተን ይናጡት። በቡና ማጣሪያ ወረቀት ወይም በጥቅጥቅ ነጭ ጨርቅ ያጥሉት፤ የጠለለውን ውሃ በመብራት ሥር ለአንድ ሰዓት ያህል ያስቀምጡት። ተመልሶ ተያይዞ ክር ከሠራ ዳይኖፍላጀሌት መሆኑ አያጠራጥርም ማለት ይቻላል። የትምህርት ቤት ቤተ ሙከራ ውስጥ ማይክሮስኮፕ የሚያሳይዎ ሰው ካለ በ400 እጥፍ ማጉላት ነገሩ ወዲያው ይለያል፤ ዲያቶም ደረቅ ቅርፊት ያለው ሆኖ ቀስ ብሎ ይንሸራተታል ወይም ጭራሽ አይንቀሳቀስም፣ ዳይኖፍላጀሌት ግን ክብ ወይም እንቁላል መሰል ሆኖ እየተሽከረከረ ይዋኛል።

ከሆነ በመጀመሪያ የብረት ኦክሳይዱን ያውጡ፣ ዓሣዎቹን በየቀኑ ይመግቡ፣ የውሃ ለውጡንም ለጥቂት ሳምንታት ያቁሙ። ዓላማው ናይትሬቱን በሊትር ከ5 እስከ 10 ሚሊግራም፣ ፎስፌቱን ከ0.05 እስከ 0.1 ሚሊግራም አድርሶ ከዜሮ ማራቅ ነው፤ ዳይኖፍላጀሌት የሚበረታው ተፎካካሪዎቹ አልጌዎችና ባክቴሪያዎች በረሃብ ሲዳከሙ ነውና። ይህን ለማፋጠን ብለው ለእርሻ የሚሸጠውን ዩሪያ ወይም ዳፕ እንዳይነኩ፤ ዩሪያ ወደ አሞኒያ ይለወጣል፣ በማዳበሪያው ውስጥ የሚገኙ ብረቶችም ለኮራል አይስማሙም። ዝርያው ሌሊት ወደ ውሃው የሚወጣ ከሆነ፣ ጠዋት ሳስቶ መገኘቱም ይህን ያመለክታል፣ ዩቪ መብራት ያለው ማጣሪያ በየሌሊቱ ቢሠራ በእጅጉ ይቀንሰዋል። አሸዋ ውስጥ ተቀብሮ የሚያድረውን ዓይነት ግን ዩቪው አያገኘውም፤ ለእርሱ አንዳንድ ልምድ ያላቸው አርቢዎች ሆን ብለው ጥቂት ሲሊኬት በመጨመር የመጀመሪያው ጠያቂያችን የሚታገሉትን ያንኑ ዲያቶም ያለሙበታል። ዲያቶሙ ቦታውን ሲይዝ ዳይኖፍላጀሌቱ ይሸሻል፤ በኋላ ሲሊኬቱ ሲቋረጥ ዲያቶሙም ይከተላል። ይህን ለማድረግ የሲሊኬት ኪት መኖር አለበት፣ መጠኑም በሊትር ከ1 ሚሊግራም እንዳያልፍ ይጠንቀቁ።

አንዳንዶቹ ዳይኖፍላጀሌቶች መርዝ ስላላቸው በጓንት ይሥሩ፤ የሞቱትን ቀንድ አውጣዎች ሳይበሰብሱ ያውጡ፤ የተረፉትን ለጊዜው ወደ ሌላ ዕቃ ማዛወር ከቻሉ ያዛውሩ። ጥሩ የከሰል ማጣሪያ መርዙን ለመምጠጥ ይረዳል። ከሳምንታት እስከ ጥቂት ወራት ሊፈጅ የሚችል ሥራ ነው።

ጥያቄ፦ ከውጭ የሚመጣው የአኳሪየም ጨው በጣም ተወዷል። ከአፋር የሚመጣውን የእኛን ጨው ብጠቀም ቡናማው አልጌ ይቀንሳል የሚል ሰምቻለሁ። እውነት ነው? ከደሴ።

መልስ፦ እውነት አይደለም። ከአፍዴራ መጥቶ ገበያ ላይ የሚሸጠው የምግብ ጨው ከሞላ ጎደል ሶዲየም ክሎራይድ ብቻ ሲሆን አዮዲንም ተጨምሮበታል። የባሕር ውሃ ግን በኪሎ ግራም ውስጥ ካለው 35 ግራም ያህል ጨው መካከል 2.7 ግራም ሰልፌት፣ 1.3 ግራም ማግኒዚየም፣ እንዲሁም በየበኩላቸው 0.4 ግራም ካልሲየምና ፖታሲየም ይዟል። ካልሲየምና ማግኒዚየም በሌለበት ውሃ ውስጥ ደረቅ ኮራል አጥንቱን መሥራት አይችልም፣ ለስላሳውም ይሟሽሻል፤ ዲያቶሙን በተመለከተ ደግሞ ጨው መቀየር የሚያመጣው ለውጥ የለም፤ ጨውዎን የሚበጠብጡበት ውሃ ሲሊካ ካለው ሁለቱም ዓይነት ጨው እኩል ቡናማ ያደርገዋል። ወጪውን መቀነስ ከፈለጉ የአኳሪየሙን መጠን ያሳንሱ ወይም የውሃ ለውጡን በሁለት ሳምንት አንዴ ያድርጉት። የአኳሪየም ጨውን በሊትር ከ35 እስከ 38 ግራም አድርገው በተጣራ ውሃ ውስጥ በተለየ ባልዲ ይበጥብጡት፣ ትንሽ ፓምፕ ከትተው አንድ ቀን ያዙሩት፤ ሙቀቱ ከአኳሪየሙ ጋር ከተስተካከለና ጨዋማነቱ ሪፍራክቶሜትር በተባለው የጨዋማነት መለኪያ 35 መሆኑ ከተረጋገጠ በኋላ ብቻ ያስገቡት።